ኮሞሮስ የሄደ አለ? ከእናቴ ጋር፣ ከሪዞርት ውጭ

የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የሦስት ዓመት ዕቁቤ በመጨረሻ ወጣልኝ። ዕቁቡን ስገባ ለራሴ አንድ ቃል ገብቼ ነበር። እናቴን አውሮፕላን አሳፍሬ ውቅያኖስ አሳያታለሁ ብዬ። እናቴ በልጅነቷ ከቆቦ በኩል መጥታ ሐይቅ ከተማ ነው የቀረችው። ከዚያ ወዲህ ከውኃው ዳር ብዙም አልራቀችም። ከሐይቁ የሚበልጥ ውኃ አይታ አታውቅም።

ጓደኞቼ ሲሸልስ አሉኝ፣ ሞሪሸስ አሉኝ። ፎቶ አውርደን ለእናቴ አሳየኋት። ውኃ ላይ የቆመ ጎጆ፣ ነጭ አልጋ፣ የመዋኛ ገንዳ። ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ "ቆንጆ ነው። የአገሩ ሰው ግን የታለ?" አለችኝ። ፎቶዎቹን መልሼ አየኋቸው። እውነቷን ነው። ከአስተናጋጆቹ በቀር አንድም የአገሩ ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ከሪዞርት ወጣ።

አየር መንገዳችን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ዋና ከተማ ወደ ሞሮኒ እንደሚበር ያየሁት ያኔ ነው። ኮሞሮስ የሚለውን ስም ከዚያ በፊት የማውቀው ከእግር ኳስ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ጋናን ሲያሸንፉ አይቻለሁ። ከዚያ በላይ ምንም አላውቅም።

የምፈልገው ይሄን ነው። ሁለት ሴቶች ነን፣ አንድ ክርስቲያን አንድ ሙስሊም (እናቴ ሙስሊም ናት፣ እኔ በአባቴ ወጥቻለሁ)። እናቴ 52 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሰው ያለበት ሰፈር ማረፍ ይቻላል? ከደሴት ደሴት እንዴት ይኬዳል? ምን ይበላል? መቼ ብንሄድ ይሻላል? በእግሩ ረግጦ ያየ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።


ኮምቦልቼው

እኔ ኮሞሮስን አላየሁም። ማልዲቭስን ግን በትንሽ ገንዘብ ሄጄ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ አትጣያት። ድሮ ቱሪስት የሚያርፈው ለብቻው በተከለለ የሪዞርት ደሴት ላይ ብቻ ነበር። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ መክፈት የተፈቀደው። እኔ ያረፍኩት ማፉሺ የምትባል ደሴት ላይ ነው። ቤተሰቡ ታች ይኖራል፣ እኛ ፎቅ ላይ። ጠዋት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመስኮት አያለሁ። መስጊዱ ከማረፊያችን ሁለት ደቂቃ ነው። መጠጥ የለም። እናትሽ የአገሩን ሰው ከፈለገች ይሄው አለላት።

ለጉልበቷም ጥሩ ነው። አገሩ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው። አብዛኛው ቦታ ከባሕሩ በላይ ሁለት ሜትር አይሞላም። ዳገት የሚባል ነገር የለም። ደሴቲቱን በእግርሽ ዞረሽ ለምሳ ትመለሻለሽ።

ቪዛው ሲደርሱ በነፃ የ30 ቀን ነው። ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ግን የግድ ነው፣ ከእኛ አገር ለሚሄድ ይጠየቃል። ደግሞ እኔ በሄድኩበት ጊዜ ዓርብ ዓርብ የሕዝብ ጀልባ አይሠራም ነበር። እኔ ዓርብ ደርሼ ዋና ከተማዋ ላይ አንድ ሌሊት ሳላስበው አደርኩ።


መምህር ዘደሴ

እህቴ፣ የእናትሽ ጥያቄ ልቤን ነካው። እኔ ባለፈው ክረምት ኮሞሮስ 12 ቀን ቆይቼ መጥቻለሁ። ብዙ ልጽፍልሽ ነው፣ ታገሺኝ።

ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። 21 ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ዓሣ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሲላካንት ይባላል። ከዳይኖሰሮች ጋር አብሮ የጠፋ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአሣ አጥማጆች መረብ ወጣ። የሳይንስ ሰዎች ሁለተኛውን ለማግኘት 14 ዓመት ፈለጉ። በ1952 ኮሞሮስ፣ አንጁዋን ደሴት ላይ ተገኘ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የአንጁዋን አሣ አጥማጆች ዓሣውን ድሮም ያውቁት ነበር። ጎምቤሳ ይሉታል። ሥጋው ዘይት ስለሚበዛበት ለምግብ አይፈልጉትም። ዓለም ጠፋ ያለውን ዓሣ እነሱ ስም አውጥተውለት አብረውት ይኖሩ ነበር።

ሞሮኒ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አንዱ ተቀምጧል። ሙዚየሙ ትንሽ ነው። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። በጠመኔ ስስላቸው የኖርኩት ክንፎች፣ እንደ እጅና እግር ከሰውነቱ ወጣ ወጣ ያሉት፣ እውነተኛዎቹ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። እንባዬ መጣ። ጠባቂው ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። ብሔራዊ ቡድናቸውም ስሙ የዚህ ዓሣ ስም ነው።

አገሩን ላስረዳሽ። ስሙ ከዐረብኛው "ቀመር" የመጣ ነው፣ የጨረቃ ደሴቶች ማለት ነው። ዋናዎቹ አራት ናቸው። ግራንድ ኮሞር፣ አንጁዋን፣ ሞሄሊ እና ማዮት። ከፈረንሳይ ነፃ የወጡት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ማዮት ግን እስከ ዛሬ በፈረንሳይ ሥር ናት። ከአንጁዋን ወደ ማዮት በትንንሽ ጀልባ ለመሻገር ሲሉ ባሕር የበላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሰዉ ጋር ስትቀመጪ ይህ ጉዳይ ሳይነሣ አትውይም። በሳዑዲና በየመን መንገድ ልጆቹ ያለቁበት የእኛ አገር ሰው ሲሰማው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። አዳምጫቸው።

ሰው ያለበት ሰፈር ማረፍ ይቻላል ወይ ብለሻል። ሌላ አማራጭም ብዙ የለም፣ ጥሩነቱ እሱ ነው። ትልልቅ ሪዞርቶች የሉም። ማረፊያዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ አብዛኞቹ ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው። እኔ ሞሮኒ ውስጥ ከአሮጌው ከተማ ጫፍ ነበር ያረፍኩት። ሰፈሩ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ነው። ወደቡ ላይ ያለው ነጩ የዓርብ መስጊድ የተመሠረተው በ1427 እ.ኤ.አ. ነው። ማታ ማታ ሽማግሌዎች በየደጃፉ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ። ሰላም ሳትይ አታልፊም። "ማራሐባ" እነሱ ዘንድ አመሰግናለሁ ነው። እኛ ዘንድ መርሐባ ስንል እሺ፣ እንኳን ደህና መጣህ ነው። ይቺ አንዲት ቃል ስንት ቤት እንዳስገባችኝ አልነግርሽም።

መውሊድን እንደ እኛ ነው የሚያከብሩት፣ በድቤና በዜማ። ጀማ ንጉሥ የሄደ ወሎዬ እዚያ እንግድነት አይሰማውም። እናትሽ የመጀመሪያውን ማታ አዛን ስትሰማ ሀገሯ ያለች ይመስላታል።

አሁን ስለ ውኃ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እናትሽ የውኃ ዳር ሰው ናት። ግራንድ ኮሞር ላይ ወንዝ የለም። ዝናብ በኃይል ይዘንባል፣ ነገር ግን መሬቱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሰዉ የዝናብ ውኃ በጣሪያ ሰብስቦ በጉድጓድ ነው የሚጠጣው። በ2005 እ.ኤ.አ. ካርታላ የተባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ሲፈነዳ ዓመዱ እነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ገባ። አገር ሙሉ የሚጠጣው ተበከለ። ያረፍኩበት ቤት እማወራ የጉድጓዱን ክዳን ሁለት ጊዜ ሳታረጋግጥ አትተኛም። ስለዚህ ሻወር ላይ አትቆዪ። አንድ ባልዲ ይበቃል።

ካርታላ 2,361 ሜትር ነው። ደሴ ከ2,400 በላይ ናት። አስቢው፣ አገራቸው ካለው ተራራ ሁሉ የሚበልጠው ከእኔ ቤት በታች ነው። ይህን ለአስጎብኚዬ ስነግረው ቀጥ ብሎ ቆመና ትክ ብሎ አየኝ። ግን ከባሕር ወለል ተነሥተሽ ነው የምትወጪው፣ ሙቀቱና ወበቁ ሌላ ነው። ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ላይ ውኃ ስለሌለ በጀርባ ተሸክሞ ነው። እናትሽ አትሞክረው። አንቺ ከፈለግሽ ያለ አስጎብኚ አትሂጂ። የአፉ ስፋት ኪሎ ሜትሮች ነው። ጧት ጫፉ ላይ ስደርስ ደመናው ከታች ነበር፣ ልክ ደሴ ጦሳ ተራራ ላይ ቆመው ቁልቁል እንደሚያዩት።

ለእናትሽ ግን በመኪና የሚደረስበት አለ። ከሞሮኒ ወደ ሰሜን በሚኒባስ ትሄዳላችሁ። ባኦባብ ዛፎች አሉ፣ እኛ አገር ዲማ የምንለው። ባሕሩ አጠገብ፣ አሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጨዋማ ሐይቅ አለ። ቀለሙ በቀን ውስጥ ይለዋወጣል። የእኛን የሐርዲቦን ሐይቅ ያየ ሰው ከላይ ቆሞ ሲያየው ዝም ይላል።

ሚትሳሚዩሊ የምትባለው ከተማም በዚያው በሰሜን በኩል ናት። የሄድኩበት ሁለተኛው ምክንያት እዚያ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጦ አስታውሳለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን አውሮፕላናችንን ሦስት ወጣቶች ጠለፉት። አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አያደርስም ቢላቸው አላመኑትም። ሰውዬው ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ የተጠለፈ ነው። ነዳጁ አለቀ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ያንን ትልቅ ቦይንግ ከባሕሩ ዳርቻ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውኃው ላይ አሳረፈው። 175 ሰው ነበረበት። 50 ተረፈ። ካፒቴኑም ከተረፉት ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውት ስለነበር ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ገፍቶ ያዛቸው። ስለዚህ እናትሽ አስተናጋጆቹ ሲያስረዱ በደንብ ታዳምጥ። አንቺም በአማርኛ ድገሚላት፤ ጃኬቱ የሚነፋው ከበሩ ከወጡ በኋላ ነው።

የወደቀበት ፊት ለፊት ጋላዋ የሚባል የቅንጦት ሆቴል ነበር። ያ ሆቴል በኋላ ፈርሷል። ጋላዋ በእነሱ ቋንቋ ክንፍ ያላት የአሣ አጥማጅ ታንኳ ማለት ነው። ሰዎቻችንን ለማውጣት የሮጡት እነዚያው የሰፈሩ ሰዎች፣ በታንኳቸው፣ ከሆቴሉ እንግዶችና ሐኪሞች ጋር ነው።

እኔ በዚያ አሸዋ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከየት ነህ አሉኝ በፈረንሳይኛ። ኤትዮፒ አልኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ጠቆሙ። ሌላ ነገር ለመናገር ቋንቋ አልነበረንም። በእጃቸው መቅዘፊያ ቀዘፉ፣ በሁለት ክንዳቸው ሰው አንሥተው አሳዩኝ። ሦስት ጊዜ። ሦስት ሰው ማለታቸው ነው። ጉልበታቸውን ስሜያቸው ነው የተነሣሁት።

ከሞቱት አንዱ መሐመድ አሚን ነው። ኬንያዊ የካሜራ ሰው። የ77ቱን ረሃብ ኮረም ላይ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው እሱ ነው። ኮረም ያኔ ወሎ ነበረች። በጥቅምት 1977 ምስሉ በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው ያ ሁሉ ዓለም የተነሣው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቷል፣ ካሜራውን ግን አልተወም። ወሎን ያየልን ዓይን እዚያ ባሕር ላይ ነው የተከደነው። በስሙ ደሴ ውስጥ ያለ ምልክት አላውቅም። ቢያንስ አንድ ሰው ከእኛ አገር ሄዶ እዚያ ይቁም ብዬ ነው የሄድኩት።

ስለ ሞሄሊ ደግሞ። ትንሿ ደሴት ናት፣ ከቻልሽ አትለፊያት። የባሕር ፓርኩ የተቋቋመው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጠባቂዎቹ የየመንደሩ ሰዎች ናቸው። ኢትሳሚያ በምትባል መንደር ዳርቻ ሌሊት ሌሊት የባሕር ኤሊ እንቁላል ልትጥል ትወጣለች። የመንደሩ ሰው ይዞሽ ይሄዳል። ነጭ መብራት አይበራም፣ አይወራም። እኔ ያየኋት ኤሊ ከእኔ ትከብዳለች። በኋላ እግሯ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላሏን ስትጥል ዓይኗ እንባ ያወርዳል። በባዮሎጂ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ከባሕሩ የዋጠችውን ጨው በዓይኗ በኩል ታስወጣዋለች። ይህን አውቃለሁ፣ አስተምረዋለሁም። አጠገቧ በሆዴ ተኝቼ ሳያት ግን ምጥ ላይ ያለች እናት ነበረች።

መሻገሪያው ላይ ተጠንቀቂ። በትንሽ አውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው። ጀልባው ከደቡብ ጫፍ ከቺንዲኒ ይነሣል፣ ሞሄሊ ላይ ሆአኒ ይደርሳል። ባሕሩ ሲቆጣ አስፈሪ ነው። እኔ የያዝኩት በረራ ሁለት ቀን ተሰረዘብኝ፣ ቢሮው ምክንያት እንኳ አልነገረኝም። ገንዘቤም አልተመለሰም። ሆኖም በጀልባ አልሄድኩም፣ ጠበቅኩ። እናትሽን ይዘሽ አንቺም ጠብቂ። ለዚህ ብለሽ ከመመለሻሽ በፊት ሦስት ባዶ ቀን ያዢ።

ወቅቱ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ጥሩ ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። ከኅዳር በኋላ ዝናብና ማዕበል አለ። ቪዛ አየር ማረፊያው ላይ ይሰጣል። ገንዘብ በዩሮ፣ በእጅ ያዢ፣ በካርድ አትተማመኚ። አንድ ዩሮ ወደ 492 የኮሞሮስ ፍራንክ ነው፣ ከዩሮ ጋር የታሰረ ስለሆነ አይዋዥቅም። ወባ አለ፣ ስለ መድኃኒቱ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ ያዢ።


ዘሀራ

መምህር አላህ ይስጥዎት፣ አስለቀሱኝ። እኔ ለሥራ ሞሮኒ አምስት ወር ኖሬያለሁ። የሴቶቹን ነገር ልጨምር።

ውዴ፣ አብሽሪ። ሁለት ሴት ብቻ ናችሁ ብለሽ አትፍሪ። ማታ ረፍዶ አለመውጣት ነው፣ የትም እንደሚደረገው። ረጅም ቀሚስና ሻሽ ይበቃል። የእናትሽ ነጠላ መንገድ ላይ ያስቆማችኋል፣ ሴቶቹ ጨርቅ ይወዳሉ፣ ጥለቱን በጣታቸው እየነኩ ይጠይቃሉ። የእነሱ ሴቶች ፊታቸውን ቢጫ የሚቀቡት ሰንደል እንጨትና ኮራል (የባሕር ድንጋይ) ተፈጭቶ ነው። ለውበትም ለፀሐይም። እናትሽን ቀቡኝ ካለች ደስታውን አይችሉትም።

ወይባ ጢስ ለምታውቅ ሴት ደግሞ ያንጁዋን ሽታ ልዩ ነው። ኢላንግ ኢላንግ የሚባል ቢጫ አበባ አለ፣ ለሽቶ የሚሆን። ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ይለቅሙታል፣ በእንጨት እሳት ያነጥሩታል። ማንጠሪያው ካለበት መንደር ስትደርሺ ከመኪናው ሳትወርጂ ያውድሻል። ቅርንፉድና ቫኒላም አለ። ዘይቱን ከሚያነጥሩት እጅ ግዢ፣ ከአየር ማረፊያ አይደለም።

ምግብ ሩዝ ነው፣ ዓሣ ነው፣ ኮኮናት ነው። የካሳቫ ቅጠል በኮኮናት ወተት ይሠሩታል፣ ማታባ ይባላል። ጎመን ክትፎ ለምትወድ ሰው ይስማማል። እንጀራ የለም። በሶና ዳቦ ቆሎ ያዢ። እናቶቻችን ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የሚጠይቁት።

በክረምት ከሄዳችሁ ደግሞ የሠርግ ጊዜ ነው። ትልቁ ሠርግ ይባላል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመበት ነው፣ ያንን ሠርግ ያልደገሰ ወንድ በአደባባይ ቃሉ አይሰማም። ከፈረንሳይ ያሉት ዘመዶች ሁሉ ይመጣሉ። ቤቱን ባታውቁትም ይጠሯችኋል። እምቢ አትበሉ። እኔ ስንቱ ቤት ዕዳ ውስጥ እንደሚገባ አይቼ ያሳዝነኝ ነበር፣ ግን እንግዳ ሲቀበሉበት ያለው ፊታቸው የእውነት ነው።


የሐይቅ ልጅ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኮምቦልቼው፣ ማልዲቭስ ለሌላ ጊዜ ትሁን። ዘሀራዬ፣ ነጠላውን ዛሬ አዘዝኩ።

መምህር፣ ትናንት እሑድ ሐይቅ ሄጄ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። ቡና እያፈላች ነበር። ስለ ኮረም ያሉት ጋ ስደርስ እጇ ቆመ። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ አላነሣችውም።

እናቴ በ77 ኮረም ነበረች። የ11 ዓመት ልጅ። 29 ዓመቴ ነው፣ ይህን ነግራኝ አታውቅም። ከቆቦ መጣሁ ነው የምትለው ሁልጊዜ። ካሜራ የያዘ ሰው ታስታውሻለሽ ወይ አልኳት። አላስታውስም አለች። የምታስታውሰው የማለዳውን ብርድ ነው። ታናሽ ወንድሟን በጉያዋ ይዛ ፀሐይ እስኪወጣ ትጠብቅ እንደነበር። ብርድ ልብስ የደረሳቸው ቀን ወንድሟ እንደሌለ። ከዚያ ዝም አለች።

ቡናውን እንደገና አፈላን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ "ያ ሰው የሞተበት ባሕር ዳር ቡና ይፈላል?" አለችኝ። ምን ልበላት መምህር? እዚያ ከሰል ይገኛል? ያስከለክለናል ወይ? ሐምሌ ላይ ልንሄድ ወስነናል።


መምህር ዘደሴ

ልጄ፣ እህቴ ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ልጄ ልበልሽ። መልእክትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ይፈላል በያት። ማንም አይከለክላችሁም። ከሰል ሚትሳሚዩሊ ገበያ አለ፣ በቆርቆሮ ይሸጡታል። ጀበናውን በነጠላ ጠቅልለሽ በእጅ ሻንጣ ያዢ፣ ከታች ከተጫነ ይሰበራል። ቡናውን ቆልታችሁ ወቅጣችሁ ሂዱ። ዕጣን አትርሺ።

ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ፀሐዩ ሲበርድ። አሸዋው ነጭ ነው፣ ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ። ውኃው ወደ ዳርቻው የሚመጣበት ሰዓት ስላለ ከድንጋዮቹ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። ለእናትሽ ጉልበት ትንሽ በርጩማ ከማረፊያችሁ ተዋሱ፣ ይሰጧችኋል።

ጭሱ ሲነሣ አሣ አጥማጆቹ ይመጣሉ። ሽማግሌው ከነሱ መካከል ከነበሩ ታውቂያቸዋለሽ፣ ኤትዮፒ ስትይ እጃቸው ደረታቸው ላይ ይሄዳል። አቦሉን ለእሳቸው ቅዱላቸው። ስድስት ሲኒ አይበቃችሁም። አሥራ ሁለት ያዙ።